የተነቀለው ምሰሶ መርዝ ወዴት ይሄዳል?

ከመንገድ ዳር የሚነቀል የእንጨት ምሰሶ በከተማችን ወድቆ አይቀርም። አጥር ይሆናል፣ የጓሮ ቤት ቋሚ ይሆናል፣ የተረፈውም ተፈልጦ ምድጃ ይገባል። ምስጥ የማይደፍረውን እንጨት ማን ይጥላል? እኔን የሚያሳስበኝ ግን ምስጡ ያልደፈረበት ምክንያት ነው።

ለመስመር ምሰሶነት የሚቆመው ባሕር ዛፍ በክሪዮሶት ወይም ሲሲኤ በሚባለው የክሮሚየም፣ የመዳብና የአርሴኒክ ውህድ ሲታከም የኖረ ነው። ሲሲኤን እ.ኤ.አ. በ1933 የፈለሰፈው ህንዳዊው ሶንቲ ካሜሳን ነው። በአሜሪካ መለኪያ አንድ ሜትር ኩብ የምሰሶ እንጨት እስከ 9.6 ኪሎ ግራም መድኃኒት እንዲይዝ ይደረጋል። ከዚህ ውስጥ አርሴኒኩ ብቻውን ሲሰላ ከሁለት ኪሎ ይበልጣል። እሳት ደግሞ አርሴኒክን አያጠፋም፤ ከፊሉ በጭሱ ይወጣል፣ የቀረው ከአመዱ ጋር ይቆያል።

አሜሪካ ሲሲኤን ከመኖሪያ ቤት ሥራ ያስወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ማብቂያ ነው፤ ለምሰሶ ግን አልከለከለችም። ቀድሞ የቆመው እንጨትም እንዳለ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ባፈራረሰው ፍርስራሽ ውስጥ 1,740 ቶን ያህል አርሴኒክ እንደነበር ተመራማሪዎች ገምተዋል።

ታዲያ መርዙን ከእንጨቱ መልሶ ማውጣት አይቻልም? ይቻላል፤ አስቸጋሪ የሚያደርገው ክሮሚየሙ ነው። እንጨቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ባሕርዩን ለውጦ ሌሎቹን ብረቶች ከእንጨቱ ጋር ያጣብቃቸዋል። ዝናብ ቶሎ እንዳያጥባቸው የተፈለገውም ይኸው ነበር። ብርቱ አሲድ ያወጣቸዋል፣ ግን እንጨቱንም ይበላዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች «አረንጓዴ» ወደሚሏቸው ማሟሚያዎች ዞረዋል። አንዱ ኮሊን ክሎራይድን ከኦክሳሊክ አሲድ ጋር በማዋሃድ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ኮሊን ክሎራይድ እኮ የዶሮ መኖ ውስጥ የሚጨመር ነገር ነው! ኦክሳሊክ አሲድም በብዙ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ይገኛል። በማይክሮዌቭ ሲታገዝ ሰዓታት የሚፈጀው የአሲድ እጥበት ወደ ደቂቃዎች ይወርዳል።

ነገር ግን ኦክሳሊክ አሲድ ብቻውን ክሮሚየሙንና አርሴኒኩን ሲያወጣ መዳቡን የማይሟሟ ጨው አድርጎ እዚያው ሊተወው ይችላል፤ ሌላ እጥበት ያስፈልጋል። እንጨቱም አስቀድሞ መፈጨት አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መርዙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም፤ አሁን ያለው በፈሳሹ ውስጥ ነው። ፈሳሹ ተጣርቶ ደጋግሞ ካልሠራ፣ መርዙም ተለይቶ ካልተቀመጠ «አረንጓዴ» የሚለው ስም ለእኔ የማስታወቂያ ቃል ነው። መዳብ ገዢ አያጣም። አርሴኒኩን ማን ይገዛል? ወጪውን የሚሸፍን አካል ያስፈልጋል ማለት ነው።

በእኛ አቅም እንዲህ ያለ ፋብሪካ ነገ ይቆማል ብዬ አላስብም። በምሰሶ ነቃዩ ተቋራጭ ውል ውስጥ እንጨቱ ወዴት እንደሚወሰድ የሚደነግግ አንድ አንቀጽ ማስገባት ግን ቤተ ሙከራም የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም።