የአሪዞና አቧራ ለአሶሳ ሞተር መለኪያ ይሆናልን?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎችም ተሰረዙ። እንዲህ ያለው ክስተት ዐይን ይስባል። ሞተርን ቀስ በቀስ የሚበላው ግን በየማረፊያው ከመሬት የሚነሣው አቧራ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ በሚመላለሰው ዳሽ 8 ኪው 400 ላይ የአየር መግቢያው ከፕሮፔለሩ በስተኋላ ይገኛል። አውሮፕላኑ አርፎ ፍጥነቱን ለመግታት የፕሮፔለሩን ግፊት ሲቀለብስ፣ በደረቁ ወራት ከመንደርደሪያው ዳር የሚነሣው ቀይ አቧራ ወደዚያው መግቢያ የሚሳብበት ዕድል ሰፊ ነው። የቅንጣቱን ዕጣ የሚወስነው በዋናነት መጠኑ ነው። አየሩ በሰከንድ 100 ሜትር እየሄደ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ አቅጣጫውን ቢለውጥ፣ ለመታጠፍ 0.005 ሰከንድ ይበቃዋል። 10 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው የኳርትዝ ቅንጣት ለአየሩ ለውጥ ምላሽ የሚሰጠው በ0.0008 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ አየሩን ተከትሎ ይታጠፋል። በስቶክስ ሕግ መሠረት ስፋቱ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናል። ሕጉ በትልልቅ ቅንጣቶች ላይ እየላላ ቢሄድም፣ ትልቁ ቅንጣት መታጠፍ ተስኖት ግድግዳውን መምታቱ አይቀርም። በብዙ ቱርቦፕሮፕ ሞተሮች የተለመደው የአቧራ መለያም የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው፤ አየሩ በድንገት ይታጠፋል፣ ከባዱ ቅንጣት በቀጥታ ወደ ውጭ ይወረወራል።

መሸርሸሩን በተመለከተ ኢያን ፊኒ በ1960 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ዛሬም መነሻ ነው። እንደ ብረት ያለ ተለጣጭ ቁስ ይበልጥ የሚሸረሸረው ቅንጣቱ በዝቅተኛ ማዕዘን ሲፍቀው ነው፤ ተሰባሪ ቁስ ግን ፊት ለፊት ሲመታ ይጎዳል። የመሸርሸሩ መጠን ከፍጥነቱ ጋር በካሬና በኩብ መካከል ባለ ኃይል ስለሚያድግ፣ ፈጥነው የሚሽከረከሩት የኮምፕሬሰር ብሌዶች ቀዳሚ ተጠቂዎች ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ስሌቱ ውስጥ በሚገባው ቅንጣት ላይ ነው። በዓለም ዙሪያ ለሙከራ የሚውለው በአይ.ኤስ.ኦ. 12103-1 የተደነገገው የአሪዞና አቧራ ሲሆን፣ አብዛኛው ሲሊካ ነው። የኮምፒዩተር ስሌት የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ብዙ ጊዜ ቅንጣቱን ክብ ኳርትዝ አድርገው ይነሣሉ። በአሶሳ ዙሪያ በስፋት የሚገኘው ኒቲሶል የተሰኘው ቀይ አፈር ግን በካኦሊናይት ሸክላና በብረት ኦክሳይድ የበለጸገ ነው። በሞህስ መለኪያ የኳርትዝ ጥንካሬ 7 ሲሆን የካኦሊናይት ከ2 እስከ 2.5 ብቻ ነው። ስለዚህ የአሶሳ አቧራ ብሌድን ከአሪዞናው ያነሰ ይሸረሽራል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም።

በኒቲሶል ውስጥ ያሉ የሸክላ ቅንጣቶች በብረት ኦክሳይድ ተጣብቀው እንደ አሸዋ የሚታዩ እንክብሎች ይፈጥራሉ። እነዚህ እንክብሎች በአየር ውስጥ እንደ ትልቅ ቅንጣት ይጓዛሉ፤ ግድግዳ ሲመቱ ግን ሊፈረካከሱ ይችላሉ። ከተፈረካከሱ በኋላ መለያው የማይዛቸው ደቃቅ ሸክላዎች ይሆኑና ከአየሩ ጋር ወደ ሞቃቱ ክፍል ያልፋሉ፤ በዚያም ተጣብቀው የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎችን የመድፈን አደጋ ያስከትላሉ። በኳርትዝ የተፈተነ መለያ ይህን አያሳይም። ወርቅ በኳርትዝ ሥር በሚገኝበት በዚህ ክልል በአቧራው ውስጥ ኳርትዝ ጨርሶ አይኖርም ማለትም አይቻልም፤ ድርሻው መለካት አለበት።

የአሪዞናው አቧራ ውጤትን ከውጤት ለማነጻጸር ይጠቅማል የሚለው መከራከሪያ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት መለያዎችን ማወዳደርና የአንድን ሞተር ዕድሜ መተንበይ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የብሌድ ጥገና ጊዜን እተነብያለሁ የሚል የማስተርስ ጽሑፍ በተውሶ አቧራ ላይ ከቆመ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን መልሱ የሌላ አገር ነው።

ሥራው ውድ አይደለም። ወንፊት፣ ማይክሮስኮፕና የኤክስሬይ ማዕድን ትንተና ይበቃሉ፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲም ከቦታው ሩቅ አይደለም። ጥንቃቄ የሚያሻው በአለካኩ ነው። የተለመደው የአፈር ላቦራቶሪ ዘዴ ናሙናውን በውኃና በኬሚካል በትኖ ስለሚለካ እንክብሎቹን አስቀድሞ ያፈርሳል። ለሞተር ጥናት ናሙናው ዝናቡ ሳይጀምር፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ ከመንደርደሪያው ዳር ተወስዶ በደረቁ መለካት አለበት።