ሥልጠናው አዳማ፣ ሥራው ቀወት

ከቆላ ቀበሌ ሌሊት ተነስቶ ሸዋ ሮቢት የገባ ገበሬ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሲደርስ የሚሰማው መልስ አዲስ አይደለም። «ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው።» መቼ ይመለሳሉ? «ለሚቀጥለው ሳምንት ሞክር።» ተወካይስ? «ተወካዩም አብረው ሄደዋል።» ማህተሙ የት እንዳለ ማንም አይጠይቅም፤ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት እንደተቀመጠ ሁሉም ያውቃል። ገበሬው ለመኪና ያወጣውን ብር ቆጥሮ፣ የቀረበትን የሥራ ቀን ቆጥሮ ይመለሳል።

በዚያው ሰዓት ኃላፊው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ወይም ባሕር ዳር፣ መጋረጃው በተጋረደ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ «ተገልጋይ ንጉሥ ነው» የሚል ስላይድ እያዩ ነው። ንጉሡ ግን መናኸሪያ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

ሥልጠና አያስፈልግም የሚል ጤነኛ ሰው የለም። በተለይ ከማዕከል ርቀው ለሚሠሩ፣ አለቃ ጠይቀው ለመወሰን ስልክ እንኳ ለማይሠራላቸው ሠራተኞች የመምራት ችሎታ ቅንጦት አይደለም። ክርክሩ ማን ይሠልጥን፣ ምን ይሠልጥን፣ ሠልጥኖስ በምን ሥልጣን ይሥራ የሚለው ላይ ነው። ለቀወትና ለመሰሎቹ ወረዳዎች ሲሰጥ የኖረው የአመራር ሥልጠና ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይኖረው ስንት ዙር እንደዞረ የሚያውቀው አበል የከፈለው ፋይናንስ ብቻ ነው።

የኋላውን ማየት ይጠቅማል። የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ በ1987 ዓ.ም. ተቋቋመ። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራሙ ተከተለ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ይውረድ ተባለ፤ አማራ ክልል ከጀመሩት አራት ክልሎች አንዱ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ወረዳው ግን ጥቅል በጀቱን ተቀብሎ አብዛኛውን ለደመወዝ ከከፈለ በኋላ ለሥራ የሚተርፈው የነዳጅና የወረቀት ያህል ሆነ። ያልወረደውን ሥልጣን ለማካካስ ይመስል ሥልጠና ወረደ። ቢፒአር መጣ፤ ሰው ሁሉ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። ቢኤስሲ መጣ፤ ሰው ሁሉ ውጤቱን በነጥብ ሞላ። ካይዘን መጣ፤ ቢሮው ተጠርጎ ፎቶ ተነሳ። የለውጥ ሠራዊት መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የገዥው ፓርቲ አመራሮች «ከዕዳ ወደ ምንዳ» በሚል ርዕስ በየዙሩ ሠለጠኑ። ሃያ ዓመት ያገለገለ የወረዳ ሠራተኛ ይህን ሁሉ አልፏል፤ ሰርተፍኬቶቹን ቢደረድር ግድግዳ ይሸፍኑለታል። የቢሮው ወንበር ግን ያው እግሩ የተሰበረው ነው።

አዲስ አበባም ቢሆን አልተሻለም። ሥልጠና እንደ ልብ የሚገኝባት ዋና ከተማ በ2016 ዓ.ም. የራሷን ሠራተኞችና ቡድን መሪዎች ፈተና ላይ ብታስቀምጥ ብዙዎቹ የማለፊያ ነጥብ ሳያገኙ ቀሩ። ፈተናው ልክ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ሁሉ የሥልጠና ዙር የት ገባ የሚለው ግን መልስ አላገኘም።

አሁን ወደ ቀወት። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣርማበርን አልፎ ደብረ ሲናን ይዞ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ አየሩ ሲሞቅበት ይፋት ቆላ መግባቱን ያውቃል። የደጋው ዝናብ በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ተሰብስቦ የሚወርደው በዚህ በኩል ነው። ማሽላ አለ፣ ጤፍ አለ፣ ምርት ገበያ ድረስ የሚሄድ ማሾ አለ፣ በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት አለ። በምሥራቅ አፋር ነው፤ በሰሜን ኤፍራታና ግድም፣ ከዚያም አልፎ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አለ። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገናኛል። በመካከለኛው ዘመን የወላስማ ሡልጣኖች ከዚሁ ይፋት ሆነው የዘይላን የንግድ መንገድ ያስተዳደሩት ደጋና ቆላው የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ ነው። እዚህ መሥራት ማለት ውሃ ማካፈል፣ ድንበር ላይ የጠፋ ከብት ማስመለስ፣ ክረምት ሲወጣ ወባን መቅደም፣ የሽንኩርት ዋጋ ሲወድቅ ከገበሬና ከደላላ መሐል መቆም ማለት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው በስላይዱ ላይ ያለው?

ውሃውን ብቻ እንይ። መስኖ ባለበት የአማራ አገር ሁሉ የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ። ውሃ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ተራ የሚያወጣው፣ ቦዩ ሲደፈን ሰው አሰልፎ የሚያስጠርገው፣ ሌሊት ተነስቶ ውሃ የሰረቀውን የሚቀጣው እሱ ነው። ከላይ ያለው ማሳ ውሃውን ይዞ ሲያስቀር የታችኛው ሽንኩርት በሁለት ሳምንት ይደርቃል፤ ስለዚህ ፍርዱ ነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ፣ ቦዩ ዳር ላይ ይሰጣል። ለዘመዱ ያደላ የውሃ አባት በሚቀጥለው ስብሰባ ይወርዳል። ደመወዙ ጥቂት ነው፣ ወይም ጭራሽ የለውም። ሰርተፍኬት የለውም። ግን ሦስት ነገር አለው፤ ቦታውን ያውቃል፣ መወሰን ይችላል፣ ከተሳሳተ የሚጠይቀው ሰው ፊት ለፊቱ ቆሟል።

የወረዳው ኃላፊ ከሦስቱ ስንቱ አለው? ቦታውን ሊያውቅ ሲጀምር «ሽግሽግ» ይመጣና ከግብርና ወደ ንግድ፣ ከንግድ ወደ ሥራና ሥልጠና ይዛወራል። ውሳኔውን ዞን ይጠይቃል፤ ዞን ክልልን ይጠይቃል። የሚጠይቀው ደግሞ ከላይ ያለው እንጂ በር ላይ የቆመው አይደለም። ይህን ሰው አምስት ቀን አዳራሽ አስገብቶ ስለ ራዕይ መንገር፣ ውሃ የሌለው ቦይ ውስጥ የውሃ አባት እንደመሾም ነው። የቀበሌ ሥራ አስኪያጁ ነገር ይባስ፤ ዜጋው በየቀኑ የሚያየው የመንግሥት ፊት እሱ ሆኖ ሳለ ሥልጠናው ለእሱ ሲደርስ የሁለት ሰዓት «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ይሆናል። ከሥልጠና መድረኩ ራቅ ባለ ቁጥር አመራሩ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ችግሩ ግን እየወፈረ ነው የሚሄደው።

ሽግሽጉን ሳያነሱ ስለ ሥልጠና ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ተሿሚ ናቸው፤ ሹመት በፓርቲ ይመጣል፣ በፓርቲ ይሄዳል። ሥልጠናው ለተሿሚው ይሰጣል፤ ተሿሚው ይነሳል፤ እዚያው የሚቀረው ባለሙያ አልሠለጠነም። ስለዚህ አዲሱ ተሿሚ ከዜሮ ይጀምራል፣ ከዜሮ ለመጀመርም ይሠለጥናል። ይህን ክብ የሠራው የሠራተኛው ስንፍና አይደለም፤ ምደባው ነው።

አበሉንም በግልጽ መናገር ይገባል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ያስታወቀው ጭማሪ የዲግሪ ጀማሪን ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚያደርግ ተነግሯል። ጤፍና የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህ ስንት ቀን እንደሚያደርሰው ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ የውሎ አበል የልጅ ዩኒፎርም ነው፣ የእናት መድኃኒት ነው። አበል ፈልጎ ሥልጠና የሄደን ሠራተኛ ሌባ ማለት ግፍ ነው። ግፉ የሚብሰው ግን ማን ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ሰው አበሉን እንደ ድርጎ ሲያከፋፍለው ነው፤ ታማኙ አዳማ ይላካል፣ ጠያቂው ወረፋ ይጠብቃል። በዚህ መንገድ የአመራር ሥልጠና መጀመሪያ የሚያስተምረው ዝምታን ይሆናል።

የተሳካ ሥልጠና በዚህች አገር አልታየም ማለት ግን ውሸት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ከዚያው ከአካባቢያቸው መልምሎ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ። በጥቂት ዓመታት ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ሲሠለጥኑ ስለ ራዕይ ሳይሆን ስለ 16 የታወቁ የሥራ ጥቅሎች ነበር፤ ክትባት፣ ወባ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የእናቶች ጤና። የአገሩን ቋንቋ ያውቃሉ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቃሉ፣ ስላልሠሩት ሥራ ጎረቤት ይጠይቃቸዋል። ፕሮግራሙ ጉድለት አላጣም፤ ደመወዛቸው አነስተኛ ነው፣ የዕድገት መሰላሉ አጭር ነው፣ ለስብሰባና ለዘመቻ ሁሉ እነሱ ይጠራሉ። ሆኖም ቆላ ቀበሌ ውስጥ ወባ ሲነሳ ሰው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። «ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው» ከሚባለው በር ጋር ይህን ማወዳደር ይበቃል።

ከባለሥልጣናት በኩል የሚቀርበው መከላከያ ይታወቃል፤ አካባቢው ሩቅ ነው፣ ጸጥታው አስቸጋሪ ነው፣ አሠልጣኝ ማውረድ አይቻልም። ሩቅ ለሚለው ጣናን ማየት ነው። ደቅ ደሴት ያለ ታንኳና ያለ ጀልባ አይደረስባትም፤ ከባሕር ዳር ጎርጎራ የሚመላለሰው መርከብ በሚቆምበት ቀን ያልተሳፈረ ሠራተኛ ይቀራል። ደሴት ላይ የተመደበ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ታማሚ ሲመጣበት፣ ማዕበል ሲነሳ፣ ስልክ ሲቆረጥ ራሱ ይወስናል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ከሁሉ በፊት አመራር መሠልጠን ያለበት እሱ ነበር፤ ለእሱ ግን ሥልጠና ማለት ሐይቁን ተሻግሮ፣ ብቸኛውን የጤና ኬላ ዘግቶ መሄድ ነው። ቀወት በውሃ አልተከበበም፤ ግን መንገዱ ሲዘጋ ከደቅ በምን ይለያል?

መንገዱ ደግሞ ተዘግቶ ያውቃል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ ምሥራቅ አማራን አጠቃ። በዚያው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢዋ ነደዱ፤ እሳቱና ስደቱ ሸዋ ሮቢትንም ነካ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ይዞ ወደ ደብረ ሲና ገፋ፤ የመንግሥት ቢሮ፣ ጤና ተቋምና ትምህርት ቤት ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ ግጭቱ አውራ ጎዳናውን ሲዘጋና ሲከፍት ኖሯል። በእነዚህ ዓመታት የወረዳ ሠራተኛ የገጠመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ፋይሉ የተቃጠለበትን ሰው ይዞታ በምን ያረጋግጣል? የተፈናቀለውን በየትኛው ዝርዝር ይመዘግባል? ደመወዝ ያልደረሰውን መምህር ምን ብሎ ክፍል ያስገባል? ታጣቂ ቢሮው በር ላይ ቢቆም ምን ይላል፣ ምን ይፈርማል፣ ምን አይፈርምም? የእነዚህን መልስ በአጥንቱ የተማረ ሠራተኛ ዛሬም እዚያው ወረዳ ውስጥ አለ። ማንም ጠርቶ አልጠየቀውም። አሠልጣኝ ማውረድ አልተቻለም ሲባል አሠልጣኙ እዚያው ተቀምጧል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሱሉልታ ባለው የአመራር ልህቀት አካዳሚም ሆነ በክልሉ ተቋማት የሚሰጠው ሥልጠና ይቀጥል ቢባል እንኳ፣ ለወረዳ የሚሆነው በወረዳው ውስጥ ይሰጥ፤ በየተራ፣ ቢሮ ሳይዘጋ፣ በዚያው ወረዳ ችግር ላይ። ሠልጣኙ ተሿሚው ብቻ ሳይሆን እዚያው የሚቀረው ባለሙያና የቀበሌ ሥራ አስኪያጁ ይሁን። ካሠለጠኑ በኋላም ቢያንስ ሦስት ዓመት አያንሱት። የሚወስነውን ነገር ዘርዝረው ይስጡት፤ እስከዚህ ብር፣ እስከዚህ ጉዳይ ድረስ ዞን ሳትጠይቅ ፈርም ይበሉት። ይህ የማይሆን ከሆነ የሆቴሉ አዳራሽ ለሰርግ ይከራይ፤ ቢያንስ ሙሽሮች ይጠቀሙበታል።

የወረዳው ምክር ቤት ደግሞ በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ አንድ ጥያቄ ማንሳት ይችላል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ለአመራር ሥልጠና ከተላኩት ውስጥ ዛሬ በዚያው ወንበር ላይ ያሉት ስንት ናቸው? ጥናት አያስፈልገውም። ስማቸው፣ የሄዱበት ከተማና የቆዩበት ቀን ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ በአበል መክፈያ ሰነዶቹ ላይ ተፈርሞ ተቀምጧል።