ኢሙሌተር ለሥራ እንጂ ለገንዘብ አይሁን

የስልክ አፕ በኮምፒውተር ላይ የሚያሠሩ ኢሙሌተሮች ዛሬ ብርቅ አይደሉም። ብሉስታክስን፣ ኖክስፕሌየርን፣ ኤልዲፕሌየርን ጌም የሚወዱ ወጣቶች በደንብ ያውቋቸዋል። ነገሩ ከጌም አልፎ የባንክ፣ የሞባይል ገንዘብና የመታወቂያ አፕ ወደ መክፈት ሲመጣ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የስልኩ ስክሪን ለዓይኑ የጠበበበት ሰው፣ ስልኩ የተሰበረበት ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውል የሒሳብ ሠራተኛ “ለምን እዚሁ አልከፍተውም?” ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ኢሙሌተር መሆን የለበትም። አፕ ለሚሠራ፣ ለሚማርና ለሚሞክር ሰው ኢሙሌተር ትልቅ መሣሪያ መሆኑን አምናለሁ። ገንዘብና ማንነት የሚቀመጥበት ቦታ ግን አይደለም።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይጀምራል። ኢሙሌተር በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ሙሉ አንድሮይድ ስልክ በሶፍትዌር ይፈጥራል። ስልኮች በአብዛኛው የሚሠሩት በኤአርኤም ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ደግሞ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ናቸው፤ ስለዚህ ለኤአርኤም ብቻ የተዘጋጀ አፕ ሲከፈት ትእዛዞቹ መተርጎም አለባቸው። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቪርችዋላይዜሽንን ያላበራ ሰው “ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ” የሚለውም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚያስፈልገው የፕሮሰሰሩ አቅም ስለተዘጋ ነው። ይህ ሁሉ ግን የፍጥነት ጉዳይ ነው። ዋናው ጉዳይ ሌላ ቦታ አለ። ዘመናዊ ስልክ ምሥጢራዊ ቁልፎችን ከዋናው ሲስተም ተለይቶ በተሠራ የሃርድዌር ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል፤ አፑ ቁልፉን ይጠቀምበታል እንጂ አውጥቶ ሊወስደው አይችልም። ኢሙሌተር ውስጥ ያለው ስልክ ግን ሃርድ ዲስክ ላይ የተቀመጡ ፋይሎች ነው። ኮምፒውተሩን የተቆጣጠረ ሰው ውስጡ ያለውንም ስልክ ተቆጣጠረው ማለት ነው፤ ፋይሎቹን ኮፒ አድርጎ መሄድም ይችላል። በዚያ ላይ በኖክስፕሌየርና በኤልዲፕሌየር ሴቲንግ ውስጥ ሩት የሚባለውን ሙሉ ሥልጣን በቀላሉ መክፈት ይቻላል። ለጌም ተጫዋች ይህ ምቾት ነው፤ ባንኩን ለከፈተ ሰው ግን በሩ ተበርግዷል።

“ይህ ሊሆን ይችላል የሚባል ነገር ነው፤ የት ደርሶ ያውቃል?” የሚል አይጠፋም። ደርሷል። የስሎቫኪያው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ኢሴት በየካቲት 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ አጥቂዎች የኖክስፕሌየርን የማዘመኛ መንገድ ጠልፈው በአፕዴት ስም ሰላይ ሶፍትዌር ሲያስገቡ እንደነበር አሳይቷል። ተጠቃሚው ያጠፋው ነገር የለም። ከትክክለኛው ቦታ ያወረደውን ፕሮግራም “አዘምን” ሲለው እሺ ከማለት በቀር ምን አደረገ? እርግጥ ነው፣ ኢሴት ከሚከታተላቸው ከ100,000 በላይ የኖክስፕሌየር ተጠቃሚዎች መካከል ሰላዩ የደረሰው በታይዋን፣ በሆንግ ኮንግና በስሪላንካ ለነበሩ 5 ሰዎች ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ መጽናናት ግን አይቻልም። 5 ብቻ የሆኑት አጥቂዎቹ መርጠው ስለነበር ነው፤ ሁሉንም ቢፈልጉ ኖሮ መንገዱ በእጃቸው ነበር።

ሌላው ተደጋጋሚ ቅሬታ ባንኮች ኢሙሌተርን የሚከለክሉት ደንበኛን ለማስቸገር ነው የሚለው ነው። የአይቢኤም ተመራማሪዎች በ2020 መጨረሻ ያጋለጡትን የማጭበርበር ድርጊት የተመለከተ ሰው እንዲህ ለማለት ይቸግረዋል። ወንጀለኞቹ ወደ 20 በሚሆኑ ኢሙሌተሮች ከ16,000 በላይ የሰዎችን ስልኮች አስመስለው፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ካሉ ባንኮች በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አውጥተዋል። ባንኩ የሚያየው የደንበኛውን የተለመደ ስልክ ነበር፤ ከኋላው ግን ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። ታዲያ አንድ የባንክ አፕ “ያለሁት እውነተኛ ስልክ ላይ ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል? ይህን ጥያቄ በማታለያ ዘዴ ስለማለፍ የሚሰጥ ምክር እጅግ ያሳስበኛል፤ የራስን ገንዘብ ጠባቂ በራስ እጅ ማባረር ነውና።

በጣም የሚከብደው ተቃውሞ የቀረው ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው ምን ያድርግ? ረጅም የአካውንት ቁጥር ከኮምፒውተር ወደ ስልክ በጣቱ የሚገለብጥ ሠራተኛስ? እዚህ ላይ ሰውን “ተው” ብቻ ብሎ መሄድ ተገቢ አይደለም። ስልኩ ደህና ለሆነ ሰው የተሻለ መንገድ አለ፤ የራሱን ስልክ ስክሪን ኮምፒውተሩ ላይ ማሳየት። ኤስሲአርሲፒዋይ (scrcpy) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ “ቢልድ ነምበር” የሚለውን 7 ጊዜ ነክቶ የዴቨሎፐር አማራጮችን መክፈት፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግን ማብራት፣ በኬብል ማገናኘት፤ ከዚያ ስልኩ ሰፊው ስክሪን ላይ ይመጣል፣ በኪቦርድም ይጻፍበታል። ሲጨርሱ ዲበጊንጉን መልሶ ማጥፋት ነው። አፑም ቁልፉም ከስልኩ አይወጡም። አንዳንድ የባንክ አፖች ግን ስክሪናቸው እንዳይቀዳ ስለሚከለክሉ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ስልኩ የተሰበረበትም ሰው በዚህ አይረዳም። ስለዚህ ሸክሙ ወደ ተቋማቱ ይሄዳል። ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ በአገራችን ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል፤ ከስልክ ሌላ በር አለመክፈት የብዙ ሰው ችግር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዋትስአፕ እንኳ በስልክ ብቻ ከኖረ በኋላ በ2015 ለኮምፒውተር በድረ ገጽ መጥቷል። በደንብ የተጠበቀ ድረ ገጽ ያለው ደንበኛ ኢሙሌተር ፍለጋ አይሄድም።

ይህን ሁሉ ስል ኢሙሌተር ይጥፋ ማለቴ አይደለም፤ ለአፕ ሠሪዎቻችን እንዲያውም በበቂ የተጠቀምንበት አይመስለኝም። ከአንድሮይድ ስቱዲዮ ጋር የሚመጣው ኢሙሌተር፣ አምስት ስልክ መግዛት የማይችል ተማሪ አፑን በትንሽና በትልቅ ስክሪን፣ በአሮጌና በአዲስ አንድሮይድ እንዲሞክር ያስችለዋል። ጉግል ለአንድሮይድ ስቱዲዮና ለኢሙሌተሩ አንድ ላይ 16 ጊጋባይት ራም መጠየቁ ለተማሪ ቀላል አይደለም፤ ኮሌጆች በላብራቶሪያቸው ሊያስቡበት ይገባል። የኢሙሌተሩን ኔትወርክ ሆን ብሎ ወደ ዘገምተኛው የኤጅ ፍጥነት ማውረድም ይቻላል። አዲስ አበባ በዋይፋይ ተቀምጦ የተሠራ አፕ ገጠር ላለው ተጠቃሚ እንዴት እንደሚከፈት የሚታየው ያኔ ነው። የአማርኛ ቃላት በጠባብ ስክሪን ላይ ከሚጫነው ቁልፍ (በተን) ወጥተው ግማሽ ፊደል ይዘው መቅረታቸውም እዚሁ ቢፈተሽ ኖሮ ከብዙ አፖች ላይ በተወገደ ነበር።

የባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ አፕዎን ኢሙሌተር ላይ ከፍተው ከሆነ ዛሬውኑ ከዚያ ይውጡ፣ የምሥጢር ቁጥርዎን በስልክዎ ይቀይሩ፣ አካውንትዎ ላይ የተመዘገቡትን መሣሪያዎች አይተው የማይጠቀሙበትን ይሰርዙ። ባንክዎንም “በኮምፒውተር የምጠቀምበት ድረ ገጽ ክፈቱልን” ብለው ይጠይቁ።