ሦስት ሰዓት ዘጠኝ ሲሆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ባለፈው ዓመት ከመዘምራኖቻችን መካከል አንዲት እኅት ለውጭ ሀገር የትምህርት ዕድል አመልክታ ለፈተና ተጠራች። የጥሪው ደብዳቤ በኢሜይል የመጣ ነበርና ቀኑንም ሰዓቱንም የሚናገረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነበር። ከመዝሙር ጥናት በኋላ በቅጥር ግቢው ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለ ስልኳን ተቀብዬ ቀጠሮውን የመዘገብሁላት እኔ ነኝ። የተጠቀምሁበት የማስታወሻ መተግበሪያ በኢትዮጵያ ሰዓት የሚሠራ ነበር። ደብዳቤው 9:00 ይላል፤ እኔም ከጎኑ ያለችውን የጠዋት ምልክት ሳላስተውል «9 ሰዓት» ብዬ ጻፍሁ። ስልኩም የታዘዘውን ሳያዛንፍ ፈጸመ፤ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ጮኾ አስታወሳት። እኅታችን ከመርካቶ ተክለ ሃይማኖት ታክሲ ይዛ፣ አንድ ሰዓት ቀድማ ደርሻለሁ ብላ ደስ እያላት ከበሩ ስትደርስ፣ ፈተናው በጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ አልቆ ነበር።

አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልኮቻችን ላይ ስለምንጭናቸው የጊዜ መተግበሪያዎች ብዙ አሰብሁ። አንዳንድ ወንድሞች «ስልክ ጊዜ በላ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ደጅ መግባት የለበትም» ይላሉ። አሳባቸው ከቅንዓት የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አልስማማም። ስልኩ በእጃችን ገብቷል፣ ሥራችንም በእርሱ ውስጥ ገብቷል። ጥያቄው ሰዓታችንን ለማን አቆጣጠር አስረክበን እንደምንኖር ነው።

አባቶቻችን የሰጡንን አቆጣጠር ተመልከቱ። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሠለስት ማለት ሦስት፣ ተሰዓት ማለትም ዘጠኝ ነው። ሰዓታችን ከፀሐይ መውጣት ጋር ስለሚጀምር፣ የጸሎቱ ስምና በግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ሰዓት አንድ ናቸው፤ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበትን ሦስት ሰዓት፣ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ ቅድስት ነፍሱን የሰጠበትን ዘጠኝ ሰዓት ያለ አስተርጓሚ እንረዳለን። ከፋብሪካ የወጣው ስልክ ግን ዕለቱን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ በሠለስት 9፣ በተሰዓት 3 ብሎ ያሳያል። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ከሥራ ሰዓት አልወጡም፤ የስሕተቱ ተንኮል ያለው በዚህ ነው። 8 ከ2 ጋር፣ 10 ከ4 ጋር፣ 11 ከ5 ጋር እንዲሁ ይለዋወጣሉ። ከሌሊት ላይ ቢውል «ይህስ እንዴት ይሆናል?» ብለን እንነቃ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስልኩን ከ12 ሰዓት አቆጣጠር ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር መለወጥ ነው። ያን ጊዜ ጠዋቱ 9:00፣ ከሰዓቱ 15:00 ይሆናልና የሚያደናግር ነገር የለም። ከ7 እስከ 18 ካለው ላይ 6 ብትቀንሱ የቀኑን ሰዓት ታገኛላችሁ፤ ከ19 እስከ 24 ካለው ላይ ደግሞ 18 ብትቀንሱ የምሽቱን። ቀጠሮውን በአንድ መተግበሪያ ብቻ መዝግቡ፤ በርእሱም ላይ በቃል «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁን የምታገኙበትን ሰዓት ስትመዘግቡም የእነርሱ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚለወጥ፣ የእኛ ግን እንደማይለወጥ አትርሱ፤ ዋሽንግተን በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት።

የቀኑ ነገር ከሰዓቱ ይልቅ የረቀቀ ነው። ብዙዎቻችን ወርኃዊ በዓላትን ስልኩ እንዲያስታውሰን እንፈልጋለን፤ በእኛ አጥቢያ ደግሞ ሁሉ የሚጠይቀው በየወሩ 24 ቀን የሚውለውን የአባታችንን የተክለ ሃይማኖትን ዕለት ነው። በስልኩ ካላንደር «በየወሩ» የሚለውን ብትመርጡ የሚደግምላችሁ የፈረንጁን ወር ነው። መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ኦክቶበር 4 ነበር፤ ጥቅምት 24 ግን ኖቬምበር 3 ዋለ። በአንድ ወር ውስጥ አንድ ቀን ተዛነፈ ማለት ነው። የእኛ ወራት ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ «በየ30 ቀኑ» የሚለውን መምረጥ ይሻላል፤ ይህ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለ እንከን ይሄዳል። ከነሐሴ 24 በኋላ ግን ጳጉሜን በመካከል ትገባለች፤ ስልኩም አያውቃትምና መስከረም 19 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማግሥት ደግሞ መስከረም 18 ቀን ይጮኻል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በርእሰ ዐውደ ዓመት፣ ማስታወሻውን አጥፍቶ ከመስከረም 24 እንደገና መጀመር ያስፈልጋል።

እርግጥ የኢትዮጵያ ዘመን መቁጠሪያ መተግበሪያዎች ይህን ድካም ያቀሉልናል። በዓላትንና አጽዋማትን አስልተው የሚያቀርቡም አሉ፤ ጥሩ ናቸው፤ እኔም አንዱን እጠቀማለሁ። ነገር ግን ሠሪዎቻቸው ሰዎች ናቸው። ለምሳሌ የልደት በዓል በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ይሆናል። ይህን ያልተረዳ ሰው የሠራው መተግበሪያ ሦስት ዓመት ሲያገለግል ይኖርና በአራተኛው ያስታል። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ የባሕረ ሐሳብን መንገድ ቢያንስ ለመፈተሽ ያህል ማወቅ አለበት እላለሁ።

ብዙዎች እንደሚፈሩትም አይደለም። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ዓመተ ዓለሙ 5500 ሲደመርበት 7518 ነው። ይህን በ19 ስንገድፈው 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ስንተው ወንበሩ 12 ይሆናል። 12ን በ19 ብናባዛ 228፤ በ30 ስንገድፈው መጥቅዑ 18 ነው። ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበረች፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነውና 18 እና 7 ተደምረው መባጃ ሐመሩ 25 ሆነ። እነሆ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። የትንሣኤን ተውሳክ 9ን በ25 ላይ ስንጨምር 34፤ 30ውን ገድፈን ሚያዝያ 4። ወረቀትና እርሳስ፣ አሥር ደቂቃም በቂ ነው። መተግበሪያው ይህንኑ ካሳየ እመኑት፤ ካላሳየ አጥፉት።

አሁን ወደ ዕለት ተዕለት ጉዳይ ልምጣ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የመብራት፣ የውኃ፣ የስልክ ክፍያ፣ ገንዘብ መላክም ሁሉ ከሰልፍ ወደ እጅ ገብቷል። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው እንኳ ያለ ኢንተርኔት *127# ደውሎ ይጠቀማል፤ ይህን የማያውቁ እናቶች በአጥቢያችን ብዙ ናቸው። ባንኮችም የየራሳቸው መተግበሪያ አላቸው። አንድ ጊዜ ለመብራት ክፍያ ግማሽ ቀን ቆሜ የዋልሁትን ሳስታውስ ዛሬ ያንን በሁለት ደቂቃ መጨረሴ በረከት ይመስለኛል።

ሆኖም ሁለት ነገር አስተውያለሁ። የመጀመሪያው የምሥጢር ቁጥር ጉዳይ ነው። አረጋውያን እናቶቻችን ስልካቸውን ለሠፈር ልጅ ይሰጡና «ልጄ፣ እስቲ ክፈልልኝ» ብለው ቁጥሩንም ጮክ ብለው ይነግሩታል። እምነታቸው ያስደስታል፤ ነገር ግን ልጁን ለፈተና፣ እነርሱንም ለጉዳት ያጋልጣል። የሚረዳ ሰው እስከ መጨረሻው ገጽ ያድርስላቸው፤ ቁጥሩን ግን ፊቱን አዙሮ ራሳቸው እንዲጫኑት ያድርግ። ሁለተኛው በገበያችን ውስጥ ያለው ነው። ባለ ሱቁ ዕቃ አስጭኖ ሳለ ገዢው «ልኬአለሁ» ብሎ በስልኩ ያለውን ሥዕል ያሳያል፤ ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክት ይደርሳል። ወንድሞቼ፣ ሥዕል ገንዘብ አይደለም። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ቀሪውን ሳታዩ ዕቃው ከሱቅ አይውጣ። ይህን በማድረጋችሁ ሰውን አልተጠራጠራችሁም፤ የተሸካሚውንም የባለ ንብረቱንም ድካም ጠበቃችሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰልፍ ቀረልን፣ መመላለስ ቀረልን፤ ታዲያ የተረፈው ግማሽ ቀን የት ገባ? ከእኔ ልጀምር። በስልኬ ቅንብር ውስጥ በየቀኑ በየመተግበሪያው ስንት ሰዓት እንዳጠፋሁ የሚያሳይ ገጽ አለ፤ በአንድሮይድም በአይፎንም ይገኛል። አንድ ቀን ከፍቼ አየሁትና አፈርሁ። በመብራት ክፍያ ያተረፍሁትን ጊዜ አጫጭር ቪዲዮዎች ወስደውታል፤ ደግሞም ከወለድ ጋር። በዚያው ገጽ ለየመተግበሪያው የቀን ገደብ ማበጀት ይቻላል፤ እኔ ለቪዲዮው 20 ደቂቃ ሰጥቼዋለሁ። ገደቡን ራሴ አንሥቼ የተመለከትሁባቸው ቀናት የሉም አልልም።

ሰዓቱ በሚተርፍበት ሰዓት ምን እንደምንሠራበት አስቀድመን ካልወሰንን፣ ሌላ ሰው ይወስንልናል። እኔ የመብራት ክፍያውን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አደረግሁትና የተረፈውን ለአንዲት ታማሚ ጎረቤት መጠየቂያ መደብሁት። ለጸሎት ጊዜያትም ማንቂያ ሞልቻለሁ፤ በማንቂያው ስም ቦታ ላይ «ሠለስት»፣ «ተሰዓት» ብዬ ጻፍሁ። በሱቅ ለሚውሉ ወንድሞች ይህ ይጠቅማል፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጉት፤ ገዢ በፊታችሁ ቆሞ ሳለ የሚጮኽ ስልክ ጸሎትንም ንግድንም ይረብሻል። በቴሌግራም መልእክት አስቀድሞ ጽፎ በተወሰነ ሰዓት እንዲላክ ማዘዝ እንደሚቻልም ብዙዎች አያውቁም፤ የላኪውን ምልክት ተጭኖ መያዝ ነው። የጥናት መርሐ ግብር የምታስታውሱ አገልጋዮች በሌሊት ሰው ከምትቀሰቅሱ ይህን ተጠቀሙ።

በአንድ ነገር ላይ ግን ከዘመኑ ጋር አልሄድም። ጽዋ ማኅበራትና እድሮች መዋጮን በቴሌብር መሰብሰብ ጀምረዋል፤ ለገንዘብ ያዡ ዕረፍት ነው። ነገር ግን መዋጮውን በስልክ የላከ ሰው ከማኅበሩ መቅረቱን እንደ ቀላል እያየው መጥቷል። አንድ አባት ሦስት ወር ሙሉ ታመው ሳለ መዋጯቸው ልጃቸው እየላከው ይገባ ስለነበር ማንም ሳይጠይቃቸው ቆየ። በድሮው ቢሆን ኖሮ ብራቸው ስትጎድል «እገሌ የት ገቡ?» ይባል ነበር። ገንዘቡ በስልክ ይምጣ፤ ስም ግን በማኅበሩ ላይ በየተራ ይጠራ።

እኅታችን በዚህ ዓመት ዳግም አመልክታ ዳግም ተጠርታለች። ደብዳቤው እንደ ደረሳት ወደ እኔ አመጣችው። ስልኳን ግን አልሰጠችኝም። ከቦርሳዋ የጥናት ደብተሯን አውጥታ በራሷ እጅ «ጠዋት፣ 3 ሰዓት፣ ሠለስት» ብላ ጻፈችና እንዳነበው አቀረበችልኝ። ሁለት ጊዜ ከደብዳቤው ጋር አመሳክሬ መለስሁላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።