«እንዲሠሩ ተደረጉ»፤ ማን አደረጋቸው?

አንድ ግስ ሁለት መንግሥታትን ለዓመታት ያጨቃጭቃል ብላችሁ ታምናላችሁ? ጃፓንንና ደቡብ ኮሪያን አጨቃጭቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2015 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጀርመን ቦን ላይ ተሰብስቦ የጃፓንን የሜይጂ ዘመን የኢንዱስትሪ ቦታዎች መዘገበ። አንዷ ከናጋሳኪ ወዲያ ያለችው ሃሺማ ደሴት ናት፤ ከባሕር ወለል በታች ተቆፍሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት ነበር፤ ባለቤቱም ሚትሱቢሺ ነበር። ኮሪያ ስትቃወም ቆይታ የለዘበችው ጃፓን አንድ ነገር በአደባባይ ስላመነች ነው፤ በ1940ዎቹ ብዙ ኮሪያውያንና ሌሎችም ያለ ፈቃዳቸው መጥተው፣ በከባድ ሁኔታ ተገድደው መሥራታቸውን። የጃፓን ልዑክ የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው ንግግሩን ወደ ጃፓንኛ ሲመልሰው «ሃታራካሳሬታ» አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሰዋስው ታገሡኝ። «ሃታራኩ» መሥራት ነው። አስደራጊው «ሃታራካሴሩ» ነው፤ ማሠራት። የጃፓንኛ አስደራጊ ብቻውን ሲቆም ማስገደድና መፍቀድን አይለይም፤ የሚለየው ዙሪያው ያለው ወሬ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ዘበኛው አስገባኝ» ስል ፈቀደልኝ ማለቴ ነው፤ «ፖሊሱ እስር ቤት አስገባኝ» ስል ግን ማንም ፈቀደልህ አይለኝም። (የቶኪዮ ሱቆች በራቸው ላይ የሚለጥፉት ማስታወቂያ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቃል በቃል ቢፈታ «ዛሬ እንድንዘጋ ስላደረጋችሁን በትሕትና እንቀበላለን» እንደማለት ይሆናል። ደንበኛው ግን ማንም አልጠየቀውም።)

በአስደራጊው ላይ ተደራጊ ሲደረብበት ግን መልኩ ይለወጣል። አለቃው መጠጥ እየቀዳ ያስመሸው የቢሮ ሠራተኛ በማግስቱ «ኖማሳሬታ» ይላል፤ ሳልወድ አጠጡኝ ነው። «ሃታራካሳሬታ»ም ከዚያው ቤት ነው። ጃፓናዊ አንባቢ ሲያየው ሰዎቹ ሳይወዱ መሥራታቸው ወዲያው ይገባዋል።

አማርኛ ይህን በአንድ ቃል አይችለውም። «አሠራ» ላይ «ተ» ጨምረን መናገር አንችልም። ስለዚህ የእኛ ተርጓሚ መምረጥ አለበት፤ «ተገድደው ሠሩ» ወይስ «እንዲሠሩ ተደረጉ»? ሁለተኛውን ከዜና ታውቁታላችሁ። «ነዋሪዎቹ ከአካባቢው እንዲነሡ ተደረገ» ይባላል። ማን አስነሣቸው? ዜናው እዚያው አልቋል።

ወደ ቦን ልመለስ። ብዙም ሳይቆይ የያኔው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፉሚዮ ኪሺዳ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ ያ አነጋገር «ኪዮሴይ ሮዶ» ማለት አይደለም አሉ። ይህ ስም ነው፤ የግዳጅ ሥራ። የሕግ ቃልም ነው። ጃፓን በ1932 ያጸደቀችው የ1930 የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት የግዳጅ ሥራን ይከለክላል፤ በጦርነት ጊዜ የሚጠየቅ ሥራን ግን ከትርጉሙ ያወጣል። ጃፓን ደግሞ ከሴፕቴምበር 1944 ጀምሮ ኮሪያውያኑ የሠሩት በጦርነት ጊዜ የምልመላ ሕግ ነው ትላለች። ስሙን መቀበል የካሳ በር ይከፍታል። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ በኦክቶበር 2018 የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒፖን ስቲል ለአራት ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 100 ሚሊዮን ዎን እንዲከፍል ወስኗል።

የመንግሥት ጠበቃ ብሆን እኔም ስሙን እሸሽ ይሆናል። የማልቀበለው ግን «ጃፓንኛ በተፈጥሮው ድብቅ ቋንቋ ነው» የሚለውን ተረት ነው። ቋንቋውማ አልደበቀም! ግሱ ሳይወዱ ሠሩ ብሎ ጨርሷል። የሸሸው ሚኒስትሩ ነው፤ ከግሱ ወጥቶ ወደ ስሙ ሄደና ስሙን ካደ። ሳይወዱ እንዲሠሩ መደረጋቸውን አምኖ ሥራው የግዳጅ አልነበረም ማለት ምን ማለት ነው? ለሕግ ሰው ትርጉም ይኖረው ይሆናል። ከሰል ቆፋሪው ልዩነቱን የሚያገኘው የት ነው?

ግሱ አንድ ቀዳዳ እንዳለው ግን አልክድም። አስገዳጁ «ኒ» በምትባል ቅንጣት ይጠራል፤ ካልፈለግህ ትተወዋለህ፤ ዓረፍተ ነገሩም ሳይጎድል ይቆማል። በቦኑ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገዳጅ የለም። መንግሥት? ኩባንያ? ቀጣሪ ደላላ? በእኔ እምነት ኮሪያ ልትሟገትበት የሚገባት ትልቁ ክፍተት ከስሙ ይልቅ ይኸኛው ነበር፤ ስምን መካድ ይቻላል፤ «በማን» ተብሎ የተጻፈ ግን አይካድም።

ቃል የተገባው የመረጃ ማዕከል በ2020 ተከፈተ፤ ሃሺማ አጠገብ ሳይሆን ቶኪዮ ውስጥ። በ2021 የቅርስ ኮሚቴው አፈጻጸሙ በእጅጉ እንዳሳዘነው ገለጸ። በ2024 የሳዶ ማዕድን ማውጫ በተራው ሲመዘገብ ኮሪያ ተስማማች፤ በኖቬምበር ግን ጃፓን ካዘጋጀችው መታሰቢያ ልዑኳን አስቀረች። ኮሪያውያኑ በማግስቱ፣ ሠራተኞቹ ያድሩበት በነበረው ግቢ ቦታ ላይ ለብቻቸው ቆመው የራሳቸውን አደረጉ።