ልጅህን ለማን ነው የሰጠኸው?

ለዐረፋ በግ ልትገዛ ገበያ ስትወጣ የምታደርገውን አስታውስ። ጥርሱን ገልጠህ ታያለህ፤ ወገቡን ትጨብጣለህ፤ ዓይኑ እንዳልታወረ፣ እግሩ እንዳላነከሰ ታረጋግጣለህ። ማድረግህም ተገቢ ነው፤ እንከን ያለበት እንስሳ ለኡዱሒያ አይበቃምና። ሁለት ቀን እቤትህ ለሚያድር በግ ይህን ያህል የተጠነቀቅከው አንተ፣ ልጅህን ከጠዋት እስከ ማታ የምትይዘውን ሞግዚት ስትቀጥር ግን ምን ጠየቅክ? ደላላው «ጎበዝ ልጅ አለችኝ» አለህ፤ አንተም «ስንት ትላለች?» አልከው። ሰኞ መጣች፤ ማክሰኞ የቤቱን ቁልፍና ገና አፉን ያልፈታውን ሕፃን ተረከበች። የአባቷን ስም እንኳ ገና አላወቅህም።

ይህ ጽሑፍ ሞግዚቶችን ለመክሰስ አልተጻፈም። ብዙዎቹ የሰው ልጅ አዝለው እንደ ራሳቸው ልጅ የሚያሳድጉ እኅቶቻችን ናቸው። የሚከሰሰው አማናውን ሳያጣራ አስረክቦ፣ ችግር ሲደርስ «የዘንድሮ ሠራተኛ!» እያለ የሚያማርረው ቤት ነው።

«በአላህ ተወክለናል» የሚሉ አሉ። ተወኩል እንዲህ አይደለም። ግመሉን አስሮ ወይስ ለቆ መወከል እንዳለበት የጠየቀውን ሰው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ ነግረውታል። ለግመል ሰበብ ማድረስ ካስፈለገ ለሕፃን ምን ሊባል ነው?

ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ ለሥራ በምትወጣው እናት ላይ ይደፋሉ። ቁርኣን ግን ወላጆች ለልጃቸው አጥቢ ቢቀጥሩ፣ የሚገባትን በመልካም እስከሰጡ ድረስ ኃጢአት እንደሌለባቸው ይገልጻል (አል-በቀራህ 2፡233)። ስለ ቤተሰቡ የሚጠየቀው እረኛ አባት መሆኑም በሐዲስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ «የቀጠረቻት እሷ ናት» ማለት የቂያማ ዕለት መልስ አይሆንህም።

እንግዲህ እንዴት እንቅጠር? ሡረቱል ቀሶስን እንመልከት። የሹዐይብ እንደሆነች ብዙዎች የሚናገሩላት ያች ልጅ አባቷ ሙሳን እንዲቀጥር ስትመክር ሁለት መለኪያ አቀረበች፤ ብርታትና ታማኝነት (28፡26)። ለሞግዚትም ከእነዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ብርታት ማለት ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ችሎታም ጭምር ነው። ልጁ ቢያተኩሰው ምን ታደርጋለች? ምግብ ቢያንቀውስ? በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል ሰው እንደሚገድል ታውቃለች? ሕፃን ዝም እንዲል ወይም እንዲተኛ ብሎ የሳል ሽሮፕ መስጠት አደጋ መሆኑን የነገራት አለ? ካልነገርናት የእኛ እንጂ የእሷ ጥፋት አይደለም።

ታማኝነት ደግሞ ከፊት ላይ አይነበብም፤ አብሯት ከኖረ ሰው ይጠየቃል። ስለዚህ መታወቂያዋን ተመልከት። ተያዥዋ ወረቀት ላይ የፈረመ ስም ብቻ እንዳይሆን ቤቱ ድረስ ሂድ። ከዚህ ቀደም የሠራችበት ቤት ካለ፣ ደላላው በሰጠህ ስልክ ሳትወሰን እመቤቲቱን አግኝተህ አነጋግር። ከዚያም ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት እናት ወይም አባት፣ ካልሆነም አያት ወይም አክስት ከእሷ ጋር ይዋሉ። «ፈቃድ አላገኘሁም» የሚል ሰው ለሠርግና ለለቅሶ ፈቃድ ሲያገኝ አይተነዋል።

ዕድሜዋንም ጠይቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን ውል እንደማይሸፍን አውቃለሁ። ታዲያ ፋብሪካ ያልተፈቀደለትን ቤትህ ለምን ይፈቀድለት? ከገጠር የመጣች የ12 ዓመት ልጅ ሕፃን ስትይዝ ጠባቂ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ሁለት ሆኑ እንጂ ሞግዚት አልተገኘም።

ሌላም በሽታ አለብን። ሞግዚቷ ልጅ እንደምትመታ ያረጋገጠ ቤት በጸጥታ ያሰናብታታል፤ ሌላ ቤተሰብ ደውሎ ሲጠይቅ ደግሞ «ሐሜት ይሆንብኛል» ብሎ ያመሰግናታል። ይህ ጥንቁቅነት አይደለም። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ስለ ጠየቋት ሁለት ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስታማክር የእያንዳንዱን ነውር በግልጽ ነግረዋታል። ኢማሙ ነወዊም በሪያዱ ሷሊሒን ውስጥ ከሚፈቀዱት የሐሜት ዓይነቶች ሙስሊሞችን ማስጠንቀቅንና መምከርን ቆጥረዋል። በልጅ ላይ ጉዳት መድረሱ ሲታወቅም ነገሩ ለሐኪምና ለፖሊስ እንጂ ለጓዳ ሽማግሌ አይተውም። የማታውቀውን መገመትና የድሃ ልጅ ስም ማጥፋት ግን ሌላ ትልቅ ወንጀል ነው።

ወደ ክትትሉ እንምጣ። ዛሬ ብዙ ቤት በሰዓት ወይም በአሻንጉሊት ውስጥ ካሜራ ደብቆ በስልኩ እያየ ይውላል። አላህ በሡረቱል ሑጁራት (49፡12) ከመጥፎ ጥርጣሬና ነውርን ከመሰለል ከልክሏል። ደግሞስ ያች እኅት ወንድ የለም ብላ ሒጃቧን አውልቃ ስትሠራ፣ ባልየው ቢሮው ተቀምጦ ሲያያት ይህን ምን ብለን እንጠራዋለን? ካሜራ ካስፈለገ በግልጽ ይሁን፤ ሳሎን ውስጥ ይቀመጥ፤ ስትቀጠር ይነገራት፤ የምታየውም እመቤቲቱ ትሁን። ይህንንም አድርገህ አትዘናጋ። ካሜራ የሆነውን ያሳይሃል እንጂ እንዳይሆን አይከለክልም።

«የሙሳ እኅትስ ሳይታወቅባት ከሩቅ ትከታተል አልነበረምን?» ትል ይሆናል። አዎን፤ የተከታተለችው ግን ወንድሟን ነው። የሰዎቹን ነውር አላነፈነፈችም። አንተም ዓይንህን ልጅህ ላይ አድርግ። ያልታሰበ ሰዓት እቤት ብቅ በል። ጎረቤት የልጁን ለቅሶ ሲሰማ እንዲነግርህ አደራ በል። ማታ ስታጥበው ገላውን እይ። ስትቀርበው የሚሸማቀቅ፣ ትቶት የነበረውን መኝታ ማርጠብ እንደገና የጀመረ፣ ቀን ሙሉ የሚያንቀላፋ፣ ጠዋት ስትወጣ ከወትሮው የተለየ ፍርሃት የሚያሳይ ልጅ እየነገረህ ነውና ምክንያቱን ፈልግ። አፉን ለፈታው ደግሞ ሐፍረተ ገላውን ማንም እንዳይነካው፣ «ለእማማ አትንገር» የሚባል ነገር ሁሉ ለእማማ እንደሚነገር አስተምረው። መድረሳ የምናስተምር ሰዎች የምናውቀው ነገር ቢኖር ልጅ የሚናገረው ለሚያዳምጠው ሰው መሆኑን ነው።

በመጨረሻም የእሷ ሐቅ አለ። በረካ ኡሙ አይመን የሐበሻ ልጅ ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገና በ6 ዓመታቸው እናታቸው አሚና አብዋእ ላይ ሲሞቱባቸው፣ ወደ መካ ይዛቸው የተመለሰችውና ያሳደገቻቸው እሷ ናት። እንደ እናት አከበሯት፤ ነፃ አወጧት፤ ከወፋታቸው በኋላም አቡበክርና ዑመር እየሄዱ ይዘይሯት ነበር። አነስም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) 10 ዓመት ሲያገለግል አንድ ጊዜ እንኳ «ኡፍ» እንዳላሉት መስክሯል። በእኛ ቤት ሞግዚቷ ሌሊት ሕፃን ስታባብል አድራ ጠዋት ትሰደባለች፤ የተረፈ ትበላለች፤ ኩሽና መሬት ላይ ትተኛለች፤ የሦስት ወር ደመወዟ «እየተቀመጠላት» ነው። እኅቶቻችን ዐረብ አገር ፓስፖርታቸው ሲነጠቅና ደመወዛቸው ሲበላ እናለቅሳለን፤ የራሳችንን ሠራተኛ መታወቂያ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈናል! በጎረመሱ ወንዶች መካከል መዝጊያ የሌለው ክፍል ውስጥ የምታድረውን ልጅ ማን ይጠብቃት? እንቅልፍ ያጣች፣ የተራበችና የተዋረደች ሴት ትዕግሥቷ ሲያልቅ በትሩ የሚያርፈው በደካማው ላይ ነው፤ ደካማው ደግሞ ልጅህ ነው። በዳይ ለመሆን ምክንያት አይሆናትም፤ አንተ ግን መንገዱን ጠርገህላታል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርግ። ደመወዟ ካለብህ ክፈል። ከእሷና ከባለቤትህ ጋር ተቀምጠህ ሥራዋን፣ ዕረፍቷንና በልጁ ላይ የማይደረገውን ነገር በግልጽ ተነጋገር፤ በወረቀትም አስፍረው። ተያዥዋን ያላየህ እንደሆነ ነገ ሂድና እይ።

አላህ በሰጠን አማና የማንከዳ፣ በእጃችን ያሉትንም የማንበድል ያድርገን። ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።