ገንዘቡ በሰኔ ይድረስ

እኛ አትላንታ ያለን ለዘመድ ገንዘብ የምንልከው ዓመት በዓል ሲመጣ ነው። የገበሬ ልጅ ግን በዓል ጠብቆ አይራብም። የ1966ቱን የወሎ ረሃብና የ1977ቱን የኮረም እልቂት ዓለም በቴሌቪዥን አይቶ አልቅሷል። በሐምሌና በነሐሴ የሚመላለሰውን ረሃብ ግን ማን ይቀርጸዋል? ጎተራው ባዶ ነው፤ የተዘራው ገና ቡቃያ ነው፤ እህል የሚወደደውም ያን ጊዜ ነው። አባት በአራጣ ተበድሮ ልጆቹን ያበላል። ኅዳር ታኅሣሥ ላይ አጭዶ ሲወቃ፣ እህሉን በርካሽ ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል። ክረምት ሲመለስ ጎተራው እንደገና ባዶ፣ ልጁም እንደገና ርቦት ይገኛል። ባላገር ያደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ለእንቁጣጣሽ በግ መግዣ የምንልከውን በሰኔ እንላከው። ልጅ ከማብላቱም በላይ አራጣውን ያስቀራል። በግ ያልታረደበት እንቁጣጣሽ ይታለፋል፤ እንጀራ የሌለበት ነሐሴ ግን ለልጅ ረጅም ነው።